የተሰነጠቀው ዘንዶ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሠዓሊ ነኝ። የምስለው በዓይን የማይታየውን ነው። ዘንዶ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ከሐይቅ የሚወጣ ፍጡር። ልጅ ሳለሁ አያቴ ማታ ማታ የምትነግረኝን ተረት ጠዋት ተነስቼ በከሰል ግድግዳ ላይ እስለው ነበር። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። አንድ ጊዜ ብቻ አቁሜያለሁ፤ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጊዜ ነው። አስተማሪም የሙያ ጓደኛም ሳይኖራችሁ ብቻችሁን ለምትማሩ ልጆች ነው የምጽፈው።

2010 ዓ.ም፣ ግንቦት መጀመሪያ። አንድ ደንበኛ አዲስ ለሚከፍተው ቤት ትልቅ ሥዕል ፈለገ። ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20። "ጣና ላይ ዘንዶ እፈልጋለሁ፤ ሌሊት ይሁን" አለኝ። ቀብድ ሰጠኝና 5 ሳምንት አለሽ አለ። በደስታ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና ብሩሽ ሳላነሳ ነው። በዘይት ቀለም፣ በዚያ ስፋት፣ በ5 ሳምንት አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

አቡጀዴ ገዝቼ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጠርኩ። ጨርቁን መጀመሪያ ኮላ መቀባት እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ኮላው እስኪደርቅ መጠበቁ አስጠላኝ። አንድ እጅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ብቻ አለበስኩትና ገባሁበት። ሌሊት ነው ስለተባልኩ መደቡን በሙሉ በጥቁር ዘይት ቀለም ወፍራም አድርጌ ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ላይ ምንም አልያዘም። ደርቋል አልኩ። በላዩ ላይ የዘንዶውን ቅርፊት በአኳራጅ ባቀጠንኩት ቀለም አንድ በአንድ መሥራት ጀመርኩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥዕሉን ያየው ሰው የለም። በሩን ዘግቼ ነበር የምሠራው። ወጣ ካልኩ ነጠላ አለብሰዋለሁ። እናቴ ቡና ይዛ ስትመጣ በር ላይ እቀበላታለሁ። ያላለቀ ሥራ አይታይም የሚል እምነት ነበረኝ። ሰው ግማሹን አይቶ "ይሄማ አይሆንም" ቢለኝ የምሰበር ይመስለኝ ነበር። እናቴ የእጄን ጥድፊያ እያየች "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትለኝ ነበር። እሰማታለሁ፤ እሺም እላለሁ፤ ተመልሼ እዘጋለሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አስረከብኩ። ሁሉም አጨበጨበ። ጥቅምት ላይ ስልክ ተደወለልኝ፤ "ነይና እይው።"

ሄጄ አየሁት። ውኃ የሸሸበት የሐይቅ ዳር ጭቃ ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ልክ እንደዚያ ሆኗል። ከዘንዶው አንገት እስከ ጭራው ስንጥቅ በስንጥቅ። አንዱን ጠርዝ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተነስቶ መጣ። ከሥሩ ያለው ጥቁር ቀለም ከ4 ወር በኋላም ለስላሳ ነው፤ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ሥዕሉን ገልብጠን ስናየው ጨርቁ ጀርባ ላይ ነጫጭ ሻጋታ ወጥቷል፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ባለው ግድግዳ ላይ ነበር የተሰቀለው። ደንበኛው አልጮኸብኝም። ገንዘቡን እንድመልስ ተስማማን፤ በየወሩ እየቆራረጥኩ መለስኩ። ሥዕሉን በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስሬ ወደ ቤት አመጣሁት። ብሩሾቼን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ።

ለምን እንደተሰነጠቀ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ልባችሁን ስጡኝ። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ነው ቀስ ብሎ የሚጠነክረው። ላዩ ቆዳ ሲይዝ ውስጡ ገና ነው። ጥቁር ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ዘይት ይጠጣል፤ ለመድረቅም ከሚዘገዩት ቀለሞች አንዱ ነው። እኔ ከታች ዘገምተኛውን በወፍራሙ አነጠፍኩ፤ ከላይ ቶሎ የሚደርቀውን በቀጭኑ አኖርኩ። የላዩ ደርቆ ግትር አለ። የታችኛው ገና ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የላዩ ተቀደደ። ሕጉ ተቃራኒው ነው፦ ከታች በአኳራጅ የቀጠነ፣ ዘይት ያነሰው፤ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ዘይት እየጨመራችሁ። ጥቁርን ለመደብ አትጠቀሙ። ሌሊት ከፈለጋችሁ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅሉ፤ የጣና ሌሊትም በእውነት ጥቁር አይደለም። ኮላውን ደግሞ አትዝለሉት። ዘይቱ በቀጥታ ጨርቁን ሲነካው ክሩን እያደር ያበሰብሰዋል።

ወራት አለፉ። ሥዕሉ ከሳሎኑ ጥግ ተደግፎ ነበር፤ ልጥለው አልቻልኩም። በየቀኑ ሳየው ሌላ ነገር ገባኝ። ስንጥቁን ብንረሳው እንኳ ያ ዘንዶ የኔ አልነበረም። ስልኬ ላይ ካየኋቸው መቶ ዘንዶዎች የተለቃቀመ ነው። ከኋላው ያለው ተራራም ሹል፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው። ጣና ዳር ተወልጄ ጣና የሌለበት ጣና ስያለሁ።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ንድፍ የምሠራበትን ደብተር ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ለመሥራት አልነበረም፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለከበደኝ ነው። አንድ አባት ደንገል ዘርግተው ታንኳ ያስራሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደብተሬን አዩና "እስቲ አምጪው" አሉ። የድሮው ዘንዶ ንድፍ ነበር፤ ከዘንዶው ፊት አንድ ሰው በታንኳ ይቀዝፋል። ዘንዶውን አላዩትም። ጣታቸው ታንኳዋ ላይ አረፈ።

"ልጄ፣ ይቺ ትሰጥማለች።"

"ለምን አባባ?"

"ጎድጓዳ አድርገሻታል። ይሄ የእንጨት ጀልባ ነው። ታንኳ ውኃ አያግድም፤ ውኃው በመሃሉ ያልፋል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ሰውየውን ከላይ አስቀምጪው እንጂ ከታች አትክተቺው።"

ከዚያ አንዱን እሥር አንስተው እጄ ላይ አኖሩት። ደረቅ ደንገል እንዲህ ቀላል መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት አላውቅም ነበር። አጠገቡ ከውኃ የወጣ አሮጌ ታንኳ ፀሐይ እንዲመታው ቆሟል። እሱን ለመግፋት ሞከርኩ፤ አልተነቃነቀም። ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። እስከ 11 ሰዓት ድረስ እዚያው ተቀምጬ እሥሩ እንዴት እንደሚጠብ፣ አፍንጫው እንዴት ወደ ላይ እንደሚቀና ሳልኩ። ያላለቀ ንድፍ ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አልተሰበርኩም። ከወራት በኋላ እጄ ደግሞ ሠራ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው። ሰው ዘንዶውን የሚያምነው ታንኳዋን ካመነ ነው። የማይታየው ነገር የሚቆመው በሚታየው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማዬን እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። የኔ የድሮ ዘንዶ ደግሞ ከባሕር ውስጥ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነበር። ይህን ያህል አካል የት ተደብቆ ኖረ? ስለዚህ አስተኛሁት። አዲሱ ዘንዶ ሰፊና ዝርግ ነው፤ ጀርባው ከውኃው በላይ እንደ ደሴት ይታያል። ጣና ላይ ደሴት ሞልቷል፤ ከሩቅ የትኛው ደሴት፣ የትኛው ጀርባ እንደሆነ አይለይም። ያቺ አንዲት የጥልቀት ቁጥር ሙሉ ድርሰቱን ቀየረችው። እናንተም የምትስሉበትን ቦታ ጠይቁ፤ ስንት ይጠልቃል፣ ንፋሱ ከየት ይመጣል፣ ምን ይበቅላል።

ለጭንቅላቱ ጉማሬ ተመለከትኩ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ በጀልባ ሄደን ከሩቅ፤ እባካችሁ አትጠጉ፣ ጉማሬ ሰው ይገድላል። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ሁሉም ከጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው። ገላው ተቀብሮ እነሱ ብቻ ውኃው ላይ ይቀራሉ። ለተደበቀ ፍጡር ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፤ ወሰድኩት። ለቆዳው አሣ የሚራገፍበት ቦታ ሄጄ አምባዛ ገዛሁ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። እርጥብ ቆዳው ላይ ብርሃኑ ረዘም ብሎ፣ ጠርዙ ሳይታወቅ ይፈስሳል። ስለዚህ አንድ በአንድ ስለቅመው የነበረውን የቅርፊት ሥራ ሙሉ በሙሉ ተውኩት።

ክንፉ ግን ከማድ ቤት ነው የመጣው። የ2011 የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እናቴ ዶሮውን እየበለተች ነው። ክንፉን ከእጇ ተቀብዬ ዘረጋሁት፤ መልሼ አጠፍኩት። ትከሻ አለው። ክርን አለው። የእጅ አንጓ አለው። የኔን ክንድ አጠገቡ አድርጌ አብሬ አጠፍኩ፤ አንድ ናቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ክንፍን ጀርባ ላይ እንደሚለጠፍ ቅጠል ነበር የምስለው። "አንቺ፣ ብልቱ ይጎድላል፣ አምጪው!" እስክትለኝ ድረስ ስምንት ንድፍ ሠራሁ። የደብተሬ ገጽ ላይ አሁንም የቅባት ነጠብጣብ አለ። የሌሊት ወፍ ዓይነት ክንፍ ለምትፈልጉ ደግሞ፦ ያ የተዘረጋ ጣት ነው። አጥንቶቹን እንደ አምስት ጣት ቁጠሯቸው፤ ቆዳው በጣቶቹ መሃል ይወጠራል።

በዚያው ሰሞን ዘጌ ተሻግሬ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ። ክብራን ገብርኤል ለሴት ስለማይፈቀድ አላየሁትም። ኡራ ላይ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። ጨርቁን አይቼ አልጠግብ አልኩ። የኔ በአንድ ክረምት ሻግቷል። የጥንቶቹ ሠዓልያን ደግሞ ደጋጎቹን ሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይስሏቸዋል፤ ክፉዎቹን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰይጣንን ለመለየት ጽሑፍ አያስፈልግም። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፦ የኔ ዘንዶ በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ያያል። ክፉ አይደለም። የሐይቁ ጠባቂ ነው። አገራችን የራሷ የሆነ የምናብ ቋንቋ አላት፤ ከስልክ ከመልቀም በፊት እሱን ተማሩት።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ሥዕል 7 ወር ፈጀ።

መጀመሪያ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሃያ ንድፎች ሠራሁ። በዚያ መጠን ቅርፊትና ጥፍር መሥራት አይቻልም፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። የምትመርጡት ትልልቁን ቅርጽ ብቻ ነው። ደብተሩን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከክፍሉ ማዶ ሆኜ አየሁ። ከሩቅ የሚነበበው አንዱ ብቻ ነበር። ከዚያ እሱን በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ ደገምኩት። ይህን ደረጃ የሚዘል ልጅ ብዙ ነው። ቀለም ያታልላል። ጥላና ብርሃኑ ካልያዘ ምንም ዓይነት ቀይ አያድነውም። ቀላል መፈተሻ አለ፦ ሥዕሉን በስልክ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ዘንዶውና ውኃው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ተደባልቀዋል ማለት ነው።

ጨርቁን ሁለት እጅ ኮላ አለበስኩት፤ በደንብ ደረቀ፤ ከዚያ ነጩን መደብ በስሱ ሦስት ጊዜ ቀባሁ፤ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። በላዩ ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ሙሉውን አጠብኩት። ነጭ ሸራ ያስፈራል፤ ቡናማው ግን ጥላውንም ብርሃኑንም ከመሃል ሆናችሁ እንድትሠሩ ያደርጋል።

ስለ መስኮት አንድ ነገር ልበል። ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አይገባበትም ይላሉ። ለእነሱ አገር ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ሰኔ ላይ ጠዋትና ማታ በሰሜኑ መስኮቴ ስትገባ የተበላሸብኝ ቀለም ቀላል አይደለም። መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ አድርጉ።

ውኃ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ጥቁር ነገር ውኃ ላይ ሲታይ ትንሽ ይነጣል፤ ነጭ ነገር ትንሽ ይጠቁራል። በክረምት ደግሞ ግልገል ዓባይና ሌሎቹ ወንዞች አፈር ይዘው ሲገቡ ጣና ይደፈርሳል። ንጹህ ሰማያዊ አትቀቡት። እኔ የዘንዶውን ጥላ ውኃው ላይ በቡናማ አረንጓዴ ነው የሠራሁት፤ ታንኳዋ ሥር ብቻ አጠቆርኩት።

ግዝፈትን የሚናገረው አጠገቡ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ሜትር ሸራ ላይ ታንኳዋ ከመዳፌ አትበልጥም። ጥርት አድርጌ የሠራሁት የዘንዶውን አንድ ዓይንና ታንኳዋን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሰፊ ብሩሽ ነው። ሁሉን ነገር እኩል ከለፋችሁበት የተመልካቹ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ያላለቀውን ስለማሳየት ደግሞ። እዚህም ሌላ ስህተት ሠርቻለሁ። ከመደበቅ ወጥቼ ለሁሉም ማሳየት ጀመርኩ። በየማታው በቴሌግራም ለአርባ ሰው እልካለሁ። አንዱ ቀንድ ጨምሪ ይላል፤ ሌላው ጨረቃዋን አውጪ፤ ሌላው ቀይ አድርጊው። ሁሉንም ሰማሁ። በአንድ ሳምንት ሥዕሉ ተዝረከረከ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ በጨርቅ ጠርጌ አወጣሁ። ከላክኋቸው ፎቶዎች አንዱ ደግሞ ሳላውቅ ቲሸርት ላይ ታትሞ አየሁት። ስለዚህ አሁን ለሦስት ሰው ነው የማሳየው። ለእናቴ፣ ለአንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ፣ ለታንኳ ሠሪው አባት። ለሌላ ሰው ከላክሁ ቆርጬ፣ መጠኑን ቀንሼ ነው።

ጥያቄውም ለውጥ አለው። "እንዴት ነው?" ስትሉት ሰው "ቆንጆ ነው" ይላችኋል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። እኔ የምጠይቀው "መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?" ብዬ ነው። እናቴን ስጠይቃት "ደመናው ላይ" አለችኝ። ደመናው ላይ ማረፍ አልነበረበትም። ምንም ሳልከራከር ደመናውን አደበዘዝኩት። የሚታይበት ጊዜም አለው፦ ጥላና ብርሃኑ ሲያልቅ አንድ ጊዜ፣ ቀለሙ ግማሽ ሲደርስ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የሚነገራችሁን ለማስተካከል እየከበደ ይሄዳል።

በየማታው ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። ሥዕሉ ሲበላሽባችሁ ከየትኛው ቀን እንደጀመረ ታገኙታላችሁ። የጠፋ የሚመስለውን ሥራ ሁለት ጊዜ ያዳንኩት በዚህ ነው። በመስታወትም እዩት፤ የተጣመመ ዓይን ወዲያው ይታያል።

ሁለት የጥንቃቄ ነገር አትርሱ። አኳራጅ ስትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ፤ እኔ በዝግ ክፍል ሠርቼ ራስ ምታት ለወራት ተመላልሶብኛል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩ። በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ሥዕሉ ኅዳር 2012 ላይ አለቀ። ቫርኒሽ ለመቀባት ሌላ 8 ወር ጠበቅኩ፤ በክረምቱ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ከኋላው አራት የቡሽ ቁራጮች ለጥፌ አየር እንዲያልፍ አደረግሁ። ክረምት አለፈ። በባትሪ እያበራሁ ጥግ ጥጉን ፈተሽኩ። አንድም ስንጥቅ የለም። ያን ጊዜ ለመጀመሪያው ደንበኛ ደወልኩለት። "ነይና ስቀዪው" አለኝ።

የተሰነጠቀውም አሁንም ሳሎን አለ። ሊማሩ ለሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ጥፍራቸውን አስነክቼ ከሥሩ ያለውን ጥቁር አሳያቸዋለሁ። አሁን የምሠራው ክንፍ ያለው ፈረስ ነው። ጥላና ብርሃኑ ትናንት አለቀ፤ ቅዳሜ ይዤው ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ።